ዜማ፥ ጭፈራና ስም፤ ስለ ዛር ሕክምና ሥርዓትና ስለ ትርጓሜው

በኢትዮጵያ ሰሜናዊ ክፍል፥ ይልቁንም በጎንደርና በዙሪያው፥ እንዲሁም በትግራይ፥ መድኃኒት አልሆነው ያለ ሕመምተኛ በከበሮ፥ በጭብጨባ፥ በዘፈንና በጭፈራ የሚታከምበት የቆየ ሥርዓት አለ። ደዌው ዛር ከሚባለው ረቂቅ ፍጡር የመጣ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሥርዓቱም በዚሁ ስም ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ ብዙዎቹ የእስልምና ሊቃውንትም አይቀበሉትም፤ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመውም ሰው አታላዮች የድኻውን ጥሪት የሚበሉበት ዘዴ አድርጎ ያየዋል። ነቀፋው ሁሉ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ሆኖም በነቀፋ ብቻ የማይመለስ አንድ ጥያቄ አለ። ነገሩ ማታለል ብቻ ከሆነ፥ ለወራት ከመኝታዋ ያልተነሣች፥ እህል የጠላች፥ ለዘመዶቿ ቃል መመለስ ያቃታት ሴት በዜማውና በጭፈራው መካከል ተነሥታ ወደ ቤት ሥራዋ የምትመለሰው ስለ ምንድን ነው? ይህን የመሰለውን ነገር ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ልዩ ልዩ ሰዎች በዐይናቸው አይተው ጽፈውታል።

የሚከተለው ጽሑፍ በመጀመሪያ የዛርን እምነት፥ ቀጥሎም ሕክምናው የሚፈጸምበትን አኳኋን፥ በመጨረሻም ሊቃውንት የሰጡትን ትርጓሜና ሥርዓቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ይገልጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የዛር እምነት

ስለ ዛሮች አመጣጥ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ይላል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛት መጥቶ ልጆቿን ይቆጥር ጀመር። እርሷም ክፉ እንዳይደርስባቸው ሠግታ ከሁሉ ውብ የሆኑትን ዐሥራ አምስቱን ሸሸገች። ፈጣሪ ግን የተሸሸገውን ያውቅ ነበርና እንደ ተሸሸጉ ይኑሩ ብሎ ፈረደባቸው። ተሰውረው የቀሩት ዛሮች ሆኑ፤ በግልጥ የተቈጠሩት የሰው ልጆች አባቶችና እናቶች ሆኑ። ይህን ታሪክ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ መዝግቦታል።

በታሪኩ ውስጥ ለሕክምናው ቁልፍ የሆነ አሳብ ይገኛል። ዛር ከሰው ጋር ከአንዲት እናት የተወለደ ወንድም ነው እንጂ ባዕድ ፍጡር አይደለም። ከሰው ይልቅ ውብ ነው፤ ነገር ግን በቀን ብርሃን ሊታይ፥ ሊከበርና ሊሸለም አይችልም። ስለዚህ በሰው ላይ ዐድሮ በሰው አካል ሊለብስ፥ ሊያጌጥ፥ ሊጨፍርና ስሙን ሊያስጠራ ይሻል። ጋኔን በጸሎትና በጠበል እንዲወጣ ይገደዳል፤ ዛር ግን ይለመናል፤ ይጠየቃል፤ ስጦታው ይቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ ዕርቅ ይደረጋል። የሁለቱ ሕክምና ልዩነት የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ቃሉ ምንጭ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ የሰጠው አሳብ በብዙዎች ዘንድ ይጠቀሳል። እንደ እርሱ አስተያየት ዛር የሚለው ስም አገውን የመሳሰሉ ኩሻውያን ሕዝቦች ከክርስትና በፊት የሰማይን አምላክ ይጠሩበት ከነበረው ስም የመጣ ነው። በዚህ አሳብ መሠረት ዛር በአዲስ ሃይማኖት ከዙፋኑ የወረደ የጥንት አምላክ ስም ቅሬታ ነው ማለት ነው።

ዛሮች እንደ ሰው ማኅበረሰብ ጌታና ሎሌ፥ ወንድና ሴት፥ ክርስቲያንና እስላም፥ ጦረኛና መነኵሴ አሏቸው። በጎንደር ስማቸው ከታወቀው መካከል ሰይፉ ጨንገርና ራሂሎ ይገኛሉ። የሚያድሩበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ ዛሩ ጋላቢ ነውና። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል ተብሎ ይታመናል፤ ሰውን እንደሚጠብቅ መንፈስ በታሰበም ጊዜ ውቃቢ የሚለው ስም ይሰጠዋል።

አላን ያንግ በ1975 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው ከዛር የሚመጣው ደዌ ቁራኛ በሚለው ቃልም ይጠራል። ቃሉ በቀድሞው የፍርድ ልማድ ባለ ዕዳውና ገንዘብ ጠያቂው፥ ወይም ተከሳሹና ከሳሹ፥ ፍርድ እስኪያገኙ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ሁኔታ የሚያመለክት ነበር። በቁራኛ የታሰሩ ሁለት ሰዎች ቢወዱም ባይወዱም አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ፤ ከመካከላቸው ያለው ነገር በዳኛ ፊት እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሕዝቡ ለዚህ ደዌ ይህን ስም የሰጠው አለ ምክንያት አይመስልም። በሽተኛው ከማይታይ ባላጋራ ጋር የታሰረ፥ ጉዳዩም ገና ያልተሰማ ሰው ሆኖ ይታያል። ሕክምናውም፥ ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ በብዙ ነገሩ የተዘጋው ነገር የሚገለጥበትን ችሎት ይመስላል።

ለ. የናትናኤል ፒርስ ምስክርነት

በዜማና በጭፈራ ስለሚደረገው ሕክምና ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች ሰፊው የእንግሊዛዊው የናትናኤል ፒርስ ነው። ፒርስ በ1805 ከሄንሪ ሶልት ጋር ወደ ትግራይ መጥቶ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ለብዙ ዓመታት የኖረ መርከበኛ ነበር። ማስታወሻው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1831 ነው። በጽሑፉ ትግርትያ ብሎ የሚጠራውን ደዌ ይገልጻል፤ ሊቃውንትም ይህ ደዌ ከዛር ጋር አንድ ወገን መሆኑን ይስማሙበታል።

እንደ ፒርስ አነጋገር ደዌው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይይዛል። እንደ ብርቱ ንዳድ ጀምሮ ይቈይና በሽተኛዋን አጥንቷ እስኪታይ ያከሳታል፤ ዘመዶቿም ተገቢውን መድኃኒት ካላገኙላት ለሞት ያደርሳታል። አንደበቷ ይኰላተፋል፤ የምትናገረውን በዚያው ደዌ የተያዙት ብቻ እንጂ ሌላ ሰው አይሰማውም። በተለይ ግን ስሟ ሲጠራ አትመልስም። የክርስትና ስሟን የሚጠራት ሰው ቢኖር ያ ስም የሌላ ሰው፥ ይልቁንም በዚያ ስፍራ የሌለ ሰው፥ እንደ ሆነ ዝም ትላለች።

ዘመዶች በመጀመሪያ ደብተራ ያስጠራሉ። ደብተራው የዮሐንስን ወንጌል እያነበበ ሰባት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ያስነክራታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ለሞት እንደሚያበቃ ፒርስ ጽፏል። ሁለተኛው መንገድ ወጪው ይበዛል፤ ነገር ግን ይልቅ የሚያድን ነው። ዘመዶች ገንዘብ አዋጥተው መለከት ነፊዎች፥ ከበሮ መቺዎችና ዋሽንት ነፊዎች ይቀጥራሉ፤ መጠጥም ያዘጋጃሉ፤ የመንደሩ ወጣቶችም በበሽተኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ።

ፒርስ ከጎረቤቱ ሚስት ያየውን በዝርዝር ተርኳል። ሴቲቱ አጥንቷ የቀረ፥ ከመኝታዋ መነሣት የማትችል ነበረች። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ትከሻዋ፥ ቀጥሎም ራሷና ደረቷ በዜማው ምት ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ጥቂት ቈይታም ተነሥታ ጨፈረች። ዜማው ሲቋረጥ ትወድቃለች፤ ሲጀመር ትነሣለች። በኋላም ዘመዶቿ ከጎረቤት በተዋሱት የብር ጌጥ አስጊጠው ወደ ገበያ ቦታ ወሰዷት፤ በሕዝቡም ፊት ቀኑን ሙሉ ጨፈረች። በጨፈረች ቍጥር የአንገቷን ጌጥ አንድ በአንድ፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስቱን በአንድነት፥ መሬት ትጥለዋለች፤ ዘመዶቿም ለባለቤቶቹ ሊመልሱት ከኋላዋ እየተከተሉ ይለቅሙታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአገሩ ፈጣን ሯጭ በማይደርስባት ፍጥነት ሮጠች፤ ጥቂትም ሄዳ በጥይት እንደ ተመታ ሰው ወደቀች። አንድ ጎልማሳ ደርሶ በላይዋ ጠመንጃ ተኰሰ፤ ጀርባዋን በጎራዴው ጎን መታና ስሟን ጠየቃት። ሴቲቱም ስሟን ተናገረች።

የመዳኗ ምልክት ይኸው ነበር። ደካማ ሆና ወደ ቤቷ ተሸክመው አገቧት፤ ካህንም መጥቶ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንደገና አጠመቃት።

ፒርስ በመጀመሪያ ነገሩን አላመነም ነበር። የገዛ ሚስቱ በደዌው በተያዘች ጊዜ የሴት አመል ነው ብሎ ማንም ሳያይ በጅራፍ ሊያድናት ሞከረ። ነገር ግን እንደ ሬሳ ደርቃ ወደቀች፤ ጣቶቿንም መዘርጋት አልተቻለውም፤ የሞተች መስሎት እጅግ ደነገጠ። ሌላ ዘዴ ስላጣ ሙዚቀኞቹን አስጠራ፤ እርሷም በዜማው ነፍስ ዘራች። ጅራፉንና ድንጋጤውን ሳይሸሽግ መጻፉ ለምስክርነቱ ታማኝነት ይሰጠዋል። የጀርመኑ ሐኪም ሄከር በ1832 ስለ መካከለኛው ዘመን የጭፈራ ደዌ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ትግርትያን በደቡብ ኢጣሊያ በሸረሪት መነደፍ ይመጣል ከሚባለው፥ በሙዚቃም ከሚታከመው ደዌ ጋር አነጻጽሮታል። ይህን የኢጣሊያ ሥርዓት ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ በ1959 ከሙዚቃ ተመራማሪው ከዲየጎ ካርፒቴላ ጋር በሳሌንቶ አውራጃ ሄዶ መርምሮታል።

ሐ. ሥርዓቱ በጎንደር

በጎንደር የነበረው የዛር ሥርዓት በሰፊው የታወቀው በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር እስከ ጅቡቲ በተጓዘው የፈረንሳዮች ጉባኤ ምክንያት ነው። ጉባኤው በ1932 እኩሌታውን ዓመት በጎንደር ሲቀመጥ ከአባሎቹ አንዱ የሆነው ደራሲው ሚሼል ሌሪስ መልካም አያሁ ከምትባል የታወቀች ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ ሥርዓቱን ተከታተለ። ዘፈኑንና ንግግሩን በአማርኛ ይመዘግቡና ያስተረጕሙለት የነበሩት የኢትዮጵያ መንግሥት ለጉባኤው የመደባቸው ሊቅ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። የሌሪስ የዕለት ማስታወሻ በ1934፥ ስለ ዛር የጻፈው ልዩ መጽሐፍም በ1958 ታተመ። የአባ ጀሮም መዝገብ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው መጽሐፍ ሊጻፍ ባልቻለ ነበር።

የሕክምናው መሪ ባለ ዛር ወይም ባለ ውቃቢ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ሴት ናት። እርሷ ራሷ አስቀድሞ በዛር ታማ የነበረች፥ በኋላም ከዛሯ ጋር ታርቃ ሌላውን ለመርዳት የበቃች ናት። በቤቷ አስቀድመው የታከሙ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ይሆናሉ።

ማታ ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ቡና ይፈላል። ከዚያ ወዳጃ የሚባለው የሌሊት ስብሰባ ይጀመራል። አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከበሮ ይመታል፤ ይጨበጨባል። ለየዛሩ ተለይቶ የተሰጠ ዘፈን አለ። የበሽተኛዋን ዛር ለማወቅ ዘፈኑ አንድ በአንድ ይዘፈናል፤ የራሷ ዛር ዘፈን በደረሰ ጊዜ አካሏ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚህ ላይ ዘፈኑ መመርመሪያም ማከሚያም ነው። ባለ ዛሯ ሕመሙን የምታውቀው በሽተኛዋ በየትኛው ዜማ እንደ ተነካች በማየት ነው።

የተነካችው ሴት ጉሪ ትላለች። ጉሪ ወገብን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማወዛወዝ፥ ራስን በማዞርና ትንፋሽን በኃይል በማውጣት የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥርዓት የሌለው መንፈራገጥ ይመስለዋል። ነገር ግን ጉሪው እንደ ዛሩ ዐይነት ይለያያል፤ አዲስ የገባችውም በሽተኛ በባለ ዛሯ ዐይን ሥር ሆና ትማረዋለች። በመጀመሪያው ሌሊት እንዳጋጣሚ የሚወራጨው አካል በኋላ ምቱን ጠብቆ ይንቀሳቀሳል። በዚህ አኳኋን በሽተኛዋን ይጥላት የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ ታወቀ ጭፈራ ይለወጣል፤ ጀምሮና ፍጻሜም ያገኛል።

ጉሪው ሲፈጸም ፉከራ ይከተላል። ጀግና በጌታው ፊት ገድሉን እየቈጠረ እንደሚፎክር ዛሩም በበሽተኛዋ አንደበት ስሙን፥ ማዕርጉንና ጀግንነቱን ያሰማል። ዛሩ ወንድ እንደ ሆነ ሴቲቱን የከበቧት ሰዎች በወንድ አነጋገር ያናግሯታል፤ ባለ ማዕርግም ከሆነ ለሹም የሚገባውን አክብሮት ይሰጧታል። ከዚያ ባለ ዛሯ ከዛሩ ጋር ትከራከራለች። ለምን እንደ ያዛት፥ ምን እንደ ጐደለበት፥ ምን ቢደረግለት እንደሚተዋት ትጠይቀዋለች። ዛሩም ልብስ፥ ጌጥ፥ ሽቱ ወይም መልኩ የታወቀ በግ ወይም ዶሮ ይጠይቃል። ዘመዶችና ባል በዚህ ክርክር ላይ ይገኛሉና የተጠየቀውን ለማቅረብ ይገደዳሉ።

በዛር ማኅበር ውስጥ ልዩ ቋንቋም ይነገራል። ቮልፍ ሌስላው በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው ይህ ቋንቋ የአማርኛን ቃላት ቅርጻቸውን በመለወጥ ወይም ፍቺያቸውን በማዞር የተሠራ ነው። ፒርስ በትግርትያ የተያዙት እርስ በርሳቸው ብቻ ይግባባሉ ሲል የጻፈው ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል። በበሽታው ምክንያት ከሰው ጋር መነጋገር ያቃታት ሴት በማኅበሩ ውስጥ የሚሰማት ሰው ታገኛለች፤ የተኰላተፈው አንደበቷም የጥቂቶች ቋንቋ ይሆናል።

መ. የሊቃውንት ትርጓሜ

ሌሪስ ይበልጥ የደነቀው አንዲት ሴት ልዩ ልዩ ዛሮችን እንደ ጊዜው መለዋወጧ ነው። መልካም አያሁ እንግዳ ስትቀበል በአንዱ ዛር፥ ምክር ስትሰጥ በሌላው፥ ስትቀልድም በሦስተኛው ትናገር ነበር። ሌሪስ ይህን በቁም ሣጥን እንደ ተሰቀሉ ልብሶች ዐይቶታል፤ ባለቤቱ ለየሥራው የሚስማማውን አውጥቶ ይለብሳል። ታዲያ ይህ ማስመሰል ነውን? ሌሪስ ነገሩን በአዎን ወይም በአይደለም አልቈረጠውም። ተዋናይ በመድረክ ላይ የሌላውን ሰው ሚና ሲጫወት ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ተመልካቹም ያውቃል። በዛር ግን ተጫዋቹም ተመልካቹም የሚጫወተው ዛሩ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሌሪስ የዛርን ሥርዓት የሚኖሩት ቴአትር ብሎ ከሚጫወቱት ቴአትር ለይቶታል፤ በሁለቱም መካከል ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጥ እንዳልሆነ አስታውቋል።

ሜሲንግ በበኩሉ ማኅበሩን የተመለከተው ከሐኪም ወገን ሆኖ ነው። እንደ እርሱ አስተያየት በጎንደር የዛር ማኅበር የሚሰጠው ሕክምና በዘመናዊው ዓለም በማኅበር ከሚደረገው የአእምሮ ሕክምና ጋር ይመሳሰላል። በማኅበሩ ብዙ ክብር የሌላቸው ሰዎች፥ ይልቁንም ባለ ትዳር ሴቶች፥ ድኾችና ከባርነት የወጡ ሰዎች፥ በዚያ ቦታ ይገኛሉ፤ በሌላ ስፍራ የማያገኙትን ክብር በዛራቸው ስም ያገኛሉ።

ይህንኑ አሳብ ዮዋን ሉዊስ በ1966 አስፍቶ ጽፎታል። በባል ፊት በግልጥ ለመጠየቅ የማትችል ሴት ዛሩ ሲጠይቅላት የልቧን ታገኛለች፤ ባልም ለሚስቱ ሳይሆን ለመንፈሱ እንደ ተሸነፈ ስለሚቈጥረው ክብሩ አይነካም። ይህ ትርጓሜ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ነገር ግን ሴቲቱን በዘዴ የምትሠራ ተሟጋች ብቻ ያደርጋታል። ለዓመታት የታመመችው፥ የከሳችውና እንቅልፍ ያጣችው በእርግጥ ነው፤ ልብስ ለማግኘት ብቻ ይህን ያህል ሥቃይ የሚቀበል ሰው አይገኝም።

ጃኒስ ቦዲ በሰሜን ሱዳን መንደር ያደረገችውን ጥናት በ1989 ስታሳትም ከዚህ የራቀ አሳብ አቅርባለች። የመንደሩ ሴቶች በዛር ጊዜ የሚሆኑት ራሳቸው ያልሆኑትን ነው፤ ወንድ፥ ባዕድ፥ ኢትዮጵያዊ፥ አውሮፓዊ ወይም ባለ ሥልጣን ይሆናሉ። በዚህ አኳኋን ለጥቂት ሰዓት ከገዛ ኑሯቸው ወጥተው ኑሯቸውን ከውጭ ሊያዩት ይችላሉ። ተፈጥሮ ነው ብለው የተቀበሉትም ነገር፥ ከሌላ ዐይን ሲታይ፥ ሰው የሠራው ሥርዓት ሆኖ ይገለጥላቸዋል። እንግዲህ በቦዲ ትርጓሜ ዛር ሰው ራሱን የሚያውቅበት መንገድ ነው፤ ራሱን የሚያውቀውም ሌላ ሰው በመሆን ነው።

እነዚህን ትርጓሜዎች ከፒርስ ታሪክ ጋር ስናዛምዳቸው የስም ነገር ጐልቶ ይታያል። በትግራይ በሽተኛዋ የገዛ ስሟን ስትመልስ ዳነች ይባላል። በጎንደር ደግሞ በአንደበቷ ያደረው ዛር ስሙን ሲናገር የሕክምናው በር ይከፈታል። በመጀመሪያው ሥርዓት ሌላው ሄዶ ባለቤቲቱ ትመለሳለች፤ በሁለተኛው ሌላው ታውቆ ከባለቤቲቱ ጋር እንዲኖር ቦታ ይሰጠዋል። በሁለቱም ግን ስም የሌለው ሥቃይ ስም እስኪያገኝ ድረስ አይታከምም፤ ስሙም የሚነገረው በብቸኝነት ሳይሆን በሰው መካከል ነው። ዜማውና ጭፈራው የሚያስፈልገውም ስለዚህ ይመስላል። በተራ ንግግር ስሟን ተናገሪ ቢሏት ዝም ያለችው ሴት አካሏ በምት ከተፈታ በኋላ ትናገራለች።

ሠ. የሥርዓቱ ዋጋ

ከዚህ በላይ የተባለው ሥርዓቱን ለማመስገን ተወስዶ እንዳይታሰብ ዋጋውንም ማመልከት ይገባል።

አንደኛ፥ ዛር አይወጣም። የታረቀ ዛር በየጊዜው ግብሩን ይፈልጋል፤ ቢጓደልበት ተመልሶ ይይዛል። ስለዚህ በሽተኛዋ ከደዌዋ ብትገላገልም ከማኅበሩ አትገላገልም። ሜሲንግ እንደ ጻፈው የሚከፍለው የሌለው ድኻ በባለ ዛሩ ቤት በማገልገል ዕዳውን ይወጣል። ለአንዳንዱ ይህ አገልግሎት መጠጊያ ነው፤ ለሌላው ግን ሌላ ቁራኛ ሊሆንበት ይችላል።

ሁለተኛ፥ ባለ ዛሯ ሥልጣኗን የሚቈጣጠርባት የለም። የሰውን ምሥጢር ትሰማለች፤ በሽተኛዋ ምን እንደምትከፍልም በዛሩ ቃል ይወሰናል። ይህ ሥልጣን በደግ ሰው እጅ ሲሆን ይረዳል፤ በስግብግብ ሰው እጅ ሲገባ ቤት ያፈርሳል።

ሦስተኛ፥ በዜማ የማይድን ሕመም አለ። ሳንባ ነቀርሳ፥ ወባና የሚጥል በሽታ በዛር ስም ተሸፍነው ጊዜው ያለፈባቸው እንደ ሆነ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። የክሳት፥ የንዳድና የመንቀጥቀጥ ምልክት ለሁሉም የጋራ ስለ ሆነ ባለ ዛሯ በዘፈን ለይታ ልታውቀው አትችልም።

ረ. ከኢትዮጵያ ውጭና በዘመናዊው ሕክምና

የዛር ሥርዓት በኢትዮጵያ ብቻ አልተወሰነም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሱዳን፥ በግብፅና በዐረብ አገር ተስፋፍቶ ነበር፤ የሆላንዱ ሊቅ ስኑክ ኸርኸሮንየ በ1885 በመካ ሳለ በከተማይቱ ሴቶች ዘንድ መኖሩን አይቷል። ለመስፋፋቱ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ባሮች ብዙ ድርሻ እንዳላቸው ይገመታል። ወገንና አገር የተነጠቀ ሰው ይዞት ሊሄድ የቻለው ዜማውንና የዛሩን ስም ነበር።

ቤተ እስራኤል በ1984 እና 1985፥ በኋላም በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል በተሻገሩ ጊዜ ዛር አብሮ ተሻገረ። የአገሩ የአእምሮ ሐኪሞችም ከዚህ በፊት ያላዩት ነገር አጋጠማቸው። ግሪሳሩ፥ ቡዶቭስኪና ዊትስቱም የተባሉ ሐኪሞች በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የዛር መያዝ የአእምሮ በሽታ ነው ወይስ የአንድ ሕዝብ ልማድ የወለደው ልዩ ሁኔታ ነው? ብለው ጠይቀዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ ዛርን በየባህሉ ከሚገኙት ልዩ ሁኔታዎች መካከል ጽፎታል። ጥያቄው የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ በዛር የተያዘችውን ሴት አእምሮዋ የታወከ ነው ብሎ ቢወስን መድኃኒቱም አኗኗሯም በዚያው ይለወጣል፤ የልማድ ነገር ነው ብሎ ቢተዋት ደግሞ እውነተኛው በሽታ ሊያመልጠው ይችላል።

በዚሁ በሃያኛው መቶ ዓመት የምዕራብ ሐኪሞችና አርቲስቶች በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ነገር ደርሰዋል። ያኮብ ሞሬኖ በሃያዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በቪየና ካቋቋመው ድንገተኛ ቴአትር ተነሥቶ በሽተኞች የኑሯቸውን ጭንቀት በመድረክ የሚያሳዩበትን ሕክምና አስገኘ። በ1942 ጭፈራ አስተማሪዋ ማርያን ቼስ በዋሽንግተን በሚገኘው በቅድስት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ለመናገር ፈቃድ ያጡ የአእምሮ ሕሙማንን በጭፈራ ማከም ጀመረች። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል ከሳንባ ነቀርሳ ሲያገግም ሥዕል እንዴት እንደ ረዳው ዐይቶ ለሌሎች በሽተኞች አስተማረ። እነዚህ ሰዎች ከጎንደር ባለ ዛሮች የተማሩት ነገር የለም፤ ሆኖም ቃል ያልደረሰበትን ጭንቀት በእንቅስቃሴ፥ በምትና በመልክ ማውጣት እንደሚቻል ሁለቱም ወገኖች ተረድተዋል።

ልዩነታቸውም መዘንጋት የለበትም። በዘመናዊው ሕክምና በጭፈራ ወይም በሥዕል የወጣው ነገር የበሽተኛው የራሱ እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ የኔ ነው ብሎ እንዲቀበለውም ይረዳል። በዛር ግን ቍጣው፥ ምኞቱና ፉከራው የሌላ ነው። ይህ ሴቲቱን ከኀፍረትና ከቅጣት ይጠብቃታል፤ ነገር ግን የተናገረችው ቃል በስሟ አይቈጠርላትም። ዛሩ በጠየቀላት ልብስ ታጌጣለች፤ በማግሥቱ ግን በገዛ ስሟ ልትጠይቅ አትደፍርም። ሥርዓቱ ከሕመሟ ሲያሳርፋት ለሕመሟ ምክንያት የሆነውን አኗኗር እንደ ነበረ ይተወዋል።

ስለዚህ ዛርን የሚያጠና ተማሪ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሊመዘግብ ይገባዋል። አንደኛው ሥርዓቱ ራሱ ነው። የየዛሩ ዘፈንና ምት፥ የጉሪው ዐይነት፥ የፉከራው ቃልና የማኅበሩ ልዩ ቋንቋ፥ አባ ጀሮም በጎንደር እንዳደረጉት፥ በተነገረበት አፍ ሳይታረም መጻፍ አለበት፤ የሚያውቁት ሰዎች ባለፉ ቍጥር ከእነርሱ ጋር ያልፋልና። ሁለተኛው የበሽተኛዋ ታሪክ ነው። ከመታመሟ በፊት በቤቷ ምን ነበር? በወዳጃው ሌሊት ዛሩ ምን ጠየቀ? ከዓመት በኋላስ በቤቷ ምን ተለወጠ? ብዙዎቹ መርማሪዎች ከበሮው ዝም ሲል መዝገባቸውን ዘግተዋል። ፒርስ ስለ ጎረቤቱ ሚስት ስትጠመቅ እንደ ነበረች ጽፎልናል፤ ስሟን ከመለሰች በኋላ በዚያ ስም እንዴት እንደ ኖረች ግን በመጽሐፉ አልተጻፈም።